ከመስኮት ያነሳሁት የአባቴ እጅ

ፎቶዋን ኮምፒዩተር ላይ ባጎላኋት ጊዜ መጀመሪያ የረገምኩት ሌንሱን ነው። ቀጥዬ ከጅዳ ድረስ ተሸክማ ያመጣችልኝን አክስቴን ረገምኩ፤ አላህ ይማረኝና፣ መንገዱን ሙሉ ጭኗ ላይ ታቅፋው ነበር የመጣችው። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የተመረጠ ሌንስ የእህቴን ኒካህ አበላሽቶ ቁጭ! ያውም የአባቴን እጅ። ብዙ ሰርግ አንስቻለሁ፣ ብዙ ፎቶም አበላሽቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም። ይበልጥ የደነገጥኩት ደግሞ ፎቶዋ እንዳልተበላሸች ሲገባኝ ነው።

ያኔ ከሚሴ ውስጥ በሴቶች በኩል ፎቶ የማነሳው እኔ ነበርኩ። የእኛ ሰርግ ወንዱ ከፊት በዳስ፣ ሴቱ ከቤትና ከጓሮ ነው። ሙሽራዋ ሒና የምትቀባበት ክፍል ወንድ ፎቶ አንሺ ዝር አይልም። ሴቶቹ ደግሞ ሻሻቸውን ጥለው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ እየጨፈሩ መነሳት ይፈልጋሉ። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ሴት ልጅ ካሜራ አንጠልጥላ ከሰርግ ሰርግ!» ብላ ብዙ ተቆጥታኛለች። በኋላ ጎረቤቶቹ «ልጅሽን ላኪልን» እያሉ ሲለምኗት ግን ኩራቷን አልቻልነውም።

ካሜራዬ በሰው እጅ ያለፈ ነበር። ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ ከትልልቆቹ ካሜራዎች ያነሰ ስለሆነ ማንኛውም ሌንስ እሱ ላይ ሲገጠም ጠባዩን ይለውጣል፤ ሰፊው ጠበብ ይላል፣ ሩቁ ይቀርባል። አብሮት የመጣው ከአሥራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት የሚሉት ትንሹ ሌንስ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ይስባል። ሴት የታጨቀበትን ክፍል ለማንሳት አሥራ ስምንቱ ይበቃኛል። ከክፍሉ ስወጣ ግን ሃምሳ አምስቱ የትም አያደርሰኝም ነበር።

እና ታናሽ እህቴ ልትዳር ሆነ። ልጁ የባቲ ልጅ ነው፤ ደሴ ሲማሩ ተዋውቀው ራሷ የመረጠችው። አባቴ በልቡ ሌላ ሰው ነበረው፣ ሰንበቴ ከተማ ያለ የአንድ ወዳጁን ልጅ። አባቴ በሰንበቴ የከብት ገበያ የታወቀ ደላላ ነበር። አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን፣ ገበሬው ከደጋ በሬውን ይዞ ይመጣል፤ ቋንቋ እንኳ ባይግባቡ ደላላው መሀል ገብቶ የሻጩን እጅ ከገዢው እጅ ያገናኛል። እጅ ከተጨባበጠ በኋላ ወሬ የለም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ ሲያጨባብጥ የኖረ ሰው ነው።

የባቲ ሽማግሌዎች ቤታችን ሲመጡ ግን እጁን አልዘረጋላቸውም። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አጥብቆ «አካም ጅርቱ? ኮታ፣ ኮታ» ብሎ ወደ ውስጥ ጋበዛቸው፤ ተቀምጠው እስኪነሱ ድረስም እጁን ትከሻው ላይ ከጣለው ፎጣ ውስጥ አላወጣም። እናቴ ጓዳ ገብታ «አዋረደን፣ ወላሂ አዋረደን!» እያለች ጭንቅላቷን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ሲጠይቁት «ኸይር ነው፣ ይሁን» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ መሄዱንም ተወ። ጉልበቴን ነው ይላል፣ ሙቀቱ ነው ይላል። እኛ ደግሞ ያንን የሰንበቴ ወዳጁን ፊት ማየት አፍሮ ነው አልን። ቅር ብሎታል፣ አለቀ።

እህቴ ያን ሰሞን እንጀራ አልወርድ አላት። በእኛ ኒካህ ሙሽራዋ አትኖርም፤ አባቷ የሙሽራውን እጅ ይዞ «ልጄን ድሬልሃለሁ» ሲል እሷ ከሴቶች ጋር በር ተዘግቶባት ነው። አባት ሌላ ሰው መወከልም ይችላል፣ ነውር የለበትም፤ ብዙ አባት ለሸኹ ይተወዋል። የእኛ አባት ቢተወው ግን ያስወራል፤ የሰው ግመል ሲያጨባብጥ ኖሮ ለገዛ ልጁ እጁን ነፈገ ይባላል። አንድ ቀን ልብስ እያጠብን ሳለ እህቴ ቀና ሳትል፣ «ያን ሰዓት አባን አንሺልኝ» አለችኝ። «በገዛ እጁ ሲሰጠኝ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ወድዶ ይሁን ሳይወድ እኔ ከፊቱ አውቃለሁ።»

«ወንዶቹ መሀል ልግባልሽ?» አልኳት።

«ከመስኮት አንሺያ! ፎቶ አንሺ አይደለሽ?»

መስኮቱ የሙሽራዋ ክፍል መስኮት ነው፤ በግቢው ማዶ ዳሱ የሚተከልበትን ቦታ ያያል። አጎቴን፣ የአባቴን ታናሽ ወንድም፣ እዚያ አቁሜ በትንሹ ሌንስ ባነሳው ፊቱ የሽንብራ ፍሬ አከለ። አጎቴ አይቶት «እኔ ነኝ ወይስ አጠገቤ ያለው በርሜል?» አለኝ። መስኮቱን ግን ፈቀደልኝ፤ ለወንዶቹም ራሱ እንደሚነግራቸው ቃል ገባ።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ አስፋልቱ ዳር ስቱዲዮ አለው። ሄጄ ነገርኩት። እሱ ሁለት ሌንስ ያዢ ባይ ነው፤ አንዱን ለቅርብ፣ አንዱን ለሩቅ። «ሁሉን ላንሳ የሚል ሌንስ አንዱንም አጥርቶ አያነሳም» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው። እሱ ግን የሴቶች ሰርግ ገብቶ አያውቅም! እኔ አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ሌንስ ይዤ ሞክሬዋለሁ። አንዱን ፈትቼ ሌላውን ልገጥም ስል የሙሽራዋ አክስት ሒናው ባልደረቀ እጇ ጎትታ ልታስጨፍረኝ ተነሳች፤ ስታገል ሙሽራዋ ወጥታ መኪና ውስጥ ገባች፤ የከሚሴ አቧራ ደግሞ በተከፈተው ካሜራ ገብቶ ሴንሰሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ባነሳሁት ሰማይ ሁሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። የዚያ ቤት ሰዎች እስከ ዛሬ አሞራ ነው ይላሉ።

ስለዚህ ሳይፈታ የሚውል አንድ ሌንስ ይሁን አልን። አሁን ክርክሩ በሁለት ላይ ቆመ፤ ሁለቱም ከአሥራ ስምንት ይነሳሉ፣ አንዱ መቶ ሠላሳ አምስት ላይ ያበቃል፣ ሌላው ሁለት መቶ ይደርሳል። አስተማሪዬ ወደ አጭሩ አደላ። ቀለል ይላል፣ ፎቶው ጠራ ይላል፤ ረዥሙ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይፈዛል፣ ብርሃንም ይሰስታል አለኝ፤ ዳስ ውስጥ ደግሞ ጥላ ነው። የራሱን የሩቅ ሌንስ አውሶኝ መስኮቱ ላይ ቆሜ ሞከርኩ። መቶ ሠላሳ አምስቱ ላይ አጎቴ ከነሙሉ ቁመቱ፣ ከነጫማው ገባ። ሁለት መቶው ላይ እግሩ ወጥቶ ፊቱና እጁ ቀረቡ፤ ጺሙ ውስጥ ያለው ሽበት ሳይቀር ታየኝ። እህቴ ጎኔ ቆማ ነበር። «ይሄኛው» አለች። በዚያው አበቃ።

አስተማሪዬ ተሸንፎም ምክሩን አልነፈገኝም። «ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንሽ ብትነቃነቂ ፎቶው ብዥ ይላል። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋ ያለበትን አስመጪ» አለኝ። አክስቴ ለሰርጉ ከጅዳ ልትመጣ ነበር። የምፈልገውን ነገርኳት፤ ሱቅ ገብታ ደወለች።

«አንዱ አጭር ወፍራም ነው፣ አንዱ ረዘም ይላል። የትኛውን ላንሳ?»

«ቁጥሩን አንብቢልኝ፣ አክስቴ።»

«መነጽሬን ረስቼዋለሁ። ልጁ ሁለቱም ‹ጋሪ› ነው፣ ጥሩ ነው እያለኝ ነው።»

«የጅዳ ባለሱቅ ኦሮምኛ ያወራል?»

«የእኛው የሐርቡ ልጅ ነው ባክሽ! ምን ልበለው?»

ስልኩን ለልጁ እንድትሰጠው ለምኜ፣ ሁለት መቶ የሚደርሰውን፣ መንቀጥቀጥ የሚያረጋውን አልኩት። አክስቴ ሌንሱን በሕፃን ልብስ ጠቅልላ፣ አውሮፕላን ላይ ጭኗ ላይ አስቀምጣ መጣች። እጄ ሲገባ ከበደኝ። ግን ምንም የማያመልጠው መሰለኝና ደስታዬ ወሰን አጣ።

የሰርጉ ዕለት ሌንሱ አኮራኝ። አሥራ ስምንቱ ላይ ክፍሉን ሞልተው የሚጨፍሩትን ሁሉ አንድ ላይ ሰበሰበልኝ፤ መሀሉ ላይ የእህቴን ዓይን ከነኩሉ አወጣልኝ። አንዴም አልፈታሁትም። ከዚያ አጎቴ በሩን መታ፤ ኒካሁ ሊታሰር ነው። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ሌንሱን እስከ ጫፉ ሳብኩት።

ሸኹ መሀል ተቀምጠዋል። ሙሽራው ከፊታቸው ነው። አባቴ ከሸኹ በስተቀኝ፣ እጁ ከፎጣው ውስጥ። እጁን እስኪያወጣ ጠበቅሁ። ሸኹ ወደ እሱ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁት፤ አባቴ ራሱን ነቀነቀና በአገጩ ወደ አጎቴ አመለከተ። አጎቴ ተነስቶ ከሙሽራው ፊት ተንበረከከና እጁን ያዘ።

ክው አልኩ። ጣቴ ማንሻው ላይ እንዳለ ደረቀ። ሌንሱ ስለሚያቀርበው ሁሉም እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ነው፤ የአጎቴ አውራ ጣት፣ የሙሽራው ሰዓት፣ የአባቴ ዝም ያለ ፊት። «ይሄን ሰው ነው አባ ስል የኖርኩት?» አልኩ በልቤ። አጎቴ ቃሉን ተናገረ፣ ሙሽራው ተቀበለ፣ ሸኹ ለዱዓ እጃቸውን ሲያነሱ ዳሱ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ፤ አባቴም። እኔ ፊቱን ብቻ እያየሁ፣ ማንሻውን ተጭኜ ሳልለቅ፣ እስኪበቃኝ አነሳሁት።

ለእህቴ መንገር አላስፈለገኝም። አንዲት ሴት ከበሩ ስር «አጎቷ ናቸው የያዙት» ስትል ሁላችንም ሰማን። እልልታው ሲቀልጥ እህቴ ጭኗ ላይ ያረፉትን ሒና የተቀቡ እጆቿን ታያለች። ማምሻውን ልትሸኝ ስትል የአባቴን ጉልበት ልትስም ስትጎነበስ እሱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ እጁን ሳያወጣ፣ «አላህ ይባርክሽ» አላት። እያለቀሰች ወደ ባቲ ሄደች። መኪናው ውስጥ ፊቷን አላዞረችም።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶዎቹን ስቱዲዮ ወስጄ ከፈትኳቸው። የዱዓውን ሳጎላ የአባቴ ፊት ጥርት ብሏል፤ ቀኝ እጁ ግን የለም። ጣቶቹ ባሉበት ቦታ ብዥ ያለ ነገር ብቻ፣ ወንፊት እንደሚነፋ እጅ። እዚህ ጋ ነው ሌንሱንም አክስቴንም የረገምኩት። አስተማሪዬን ጠርቼ «ያረጋል ያልከኝ ይሄንን ነው?» ብዬ ጮህኩበት። የሚቀጥለውን ከፈትኩ። እዚያም እጁ ብዥ ብሏል፤ ብዥታው ግን ቅርጹን ቀይሯል። የሚቀጥለውም እንደዚያው። አስተማሪዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የአጎቴን መዳፍ አሳየኝ፤ መስመሮቹ ይቆጠራሉ። የሸኹ ጣት ጥርት ብሏል፣ የምንጣፉ ክር ጥርት ብሏል፣ የአባቴ ግራ እጅ እንኳ ጥርት ብሏል።

«ሌንሱ የሚያረጋው የአንቺን እጅ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «የሚነሳውን ሰው እጅ አያረጋም።»

ያ አላህ! የሽማግሌዎቹ ቀን ደረቱ ላይ የተጫነው እጅ ታየኝ። ሻይ ሲቀርብለት «ይቀዝቅዝ» ብሎ የሚተወው፣ ሰው ሲወጣ የሚጠጣው። ምግብ ከእኛ ጋር መቅረቡን መተዉ፤ እናቴ ይሄንንም ኩርፊያ ብላው ነበር። ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ብቻውን ደሴ መሄዱ። ሰው የሞላበት ቤት ውስጥ ይሄን ሁሉ ጊዜ እጁን ሲደብቅ ማናችንም አላየንም። ኒካሁ ላይ ደግሞ ዱዓ ነውና እጁን አወጣ፤ ያን ሰዓት ሁሉም ዓይኑን መዳፉ ላይ ጥሏል፣ የሚያየው ሰው የለም። መስኮት ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም በንዴት ታውሬያለሁ።

ቤት ስደርስ ዳሱን እያፈረሱ ነው። አባቴ ከጓሮ ጥላ ስር ብቻውን ተቀምጧል። ካሜራውን ይዤ ፊቱ ቆምኩና ፎቶዋን አሳየሁት። ብዙ ጊዜ አያት።

«ከዚያ ከመስኮቱ ሆነሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሱብሃነላህ!» አለ። ከዚያ እጁን ከፎጣው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ ጉልበቱ ላይም ሆኖ ይርገበገባል። «ሀርኪ ኮ ነ ዲዴ» አለኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ ማለቱ ነው። «ደሴ ነርቭ ነው አሉኝ። መድኃኒቱን እውጣለሁ፣ ለውጥ የለውም።»

«ለምን አልነገርከንም? ሳትወድ የዳርካት እኮ መስሏታል! ሁላችንም ነን! እያለቀሰች ነው የሄደችው፣ አባ!»

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። «ሳልወድ?» አለ። «ሳይወድ ሰጠ እንዳልባል ብዬ አይደል? ሰንበቴ ላይ እጁ የሚርድ ሻጭ በሬውን ሳይወድ ነው የሚሸጠው። ገዢው በእጁ ያውቃል፤ ነጥቆት ይሄዳል። ልጁ የባቲ ልጅ ነው፣ ገበያ ነው ያደገው። እጄ እጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ምን ይላል? ሳይወድ ሰጠኝ አይልም? ኢንታላ ኮን፣ ልጄን፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ እንዴት ልስጣት?»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ሳይወድ ሰጠ እንዳይባል የሸሸው ሰው፣ በመሸሹ ያንኑ ተባለ! እኛ ቤተሰቦቹ ነን ያልነው። አባቴ ፎቶዋን ለማንም እንዳላሳይ ነገረኝ። «ለእሷ አሳያታለሁ» አልኩት። አልከለከለኝም።

ለምላሽ ሙሽሮቹ ከባቲ ሲመጡ እህቴ ከሁሉም ጋር ተቃቅፋ ተሳሳመች፣ አባቴን ግን ከሩቅ ነው ሰላም ያለችው። እናቴ ምግብ ስታቀርብ እህቴን ጓዳ ሳብኳትና ካሜራውን ሰጠኋት። የጠየቀችኝን የአባቷን ፊት መጀመሪያ አየች፤ ዓይኑ በእንባ ሞልቶ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ያደርጋል። ከዚያ ወደ እጁ ወረደች።

«ሌንስሽ አበላሽቶብሻል» አለችኝ።

«አላበላሸም። ቀጣዩን እይ።»

ቀጣዩን አየች። የሚቀጥለውንም። ካሜራውን ጭኔ ላይ ጣለችውና ወጣች። ተከትያት ስደርስ ሳሎኑ ውስጥ ከአባቴ ፊት ተንበርክካ ፎጣውን ገልጣለች። አባቴ «ተይ፣ እንግዳ አለ» ይላል። እሷ ቀኝ እጁን በሁለት እጇ አውጥታ ወደ ባሏ ዞረች።

«ና፣ ያዝ» አለችው።

ልጁ አልገባውም፤ ግን መጥቶ ተንበረከከና ያዘው። አባቴ ሊያስለቅቅ ሞከረ። ልጁ በሁለተኛ እጁ ደገፈው። መንቀጥቀጡ በልጁ እጅ አልፎ እስከ ክርኑ ሲወጣ ይታያል። እናቴ ሳህን እንደያዘች በሩ ላይ ቀርታለች፤ የእጁን መንቀጥቀጥ ገና አሁን ማየቷ ነው።

«ይርዳል» አለ አባቴ።

«ይራድ» አለ የባቲው ልጅ። «እኔ አልለቅዎትም።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ገበያ መሀል ይናገርበት በነበረው ድምጹ፣ «ልጄን ድሬልሃለሁ» አለው። ልጁም ተቀበልኩ አለ።

ሌንሱን ወደ አሥራ ስምንቱ መልሼ አነሳኋቸው። ያቺ ፎቶ ባቲ እህቴ ቤት ሳሎን ተሰቅላለች። እንግዳ ሲመጣ የሁለቱንም እጅ ብዥ ማለት አይቶ፣ ፎቶ አንሺዋ አበላሽታዋለች ይላል። እህቴ አትመልስለትም፤ ሻዩን ትቀዳለታለች።